ስድስት እንቁላልና አንድ እፍኝ ሣር

መምህሩ የተገኙት በአፍ ጢማቸው ተደፍተው ነበር፤ ያውም ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ። ከበላያቸው የእንጨት ድልድይ አለ። የድልድዩ መደገፊያ መሃሉ ላይ ተገንጥሎ፣ ክፍተቱ እንደ ወላቃ ጥርስ ይታያል። ኢንስፔክተሯ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ፓርኩ ስትደርስ አዛዡ ቀድሟት ደርሶ፣ ቀድሟትም ፈርዶ ጠበቃት።

«መደገፊያው ደካማ ነበር» አላት። «ሰውየው ተደገፉት፣ ተሰበረ፣ ወደቁ፣ ጭንቅላታቸው ከድንጋዩ ጋር ተጋጨ፣ የቀረውን ውሃው ጨረሰው። የሠራው ደግሞ ያ ነው።»

በአገጩ ወዳመለከተው ዞረች። አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከአንድ ፖሊስ አጠገብ፣ አንድ ጎልማሳ መዳፎቹን እንደ ባዕድ ነገር እያየ ተቀምጧል። አናጢ ነው፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም።

«ወንድሙን በቸልተኝነት ገደለ ብለው ሊከሱት ነው?»

«ሕግ ወንድም አያውቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሌላ ነገር ካላመጣሽ ፋይሉ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ቀኑን እንዳትጨርሺው።»

«ላሟ አለመዋሏን በምን አወቁ?» አለችና ጫማዋን አውልቃ ውሃው ውስጥ ገባች።

የፓርኩን ኩሬ የሚጠብቁት አራት ሰዎች ነበሩ። ደሞዝ የላቸውም። ቆሻሻ ይለቅማሉ፣ ችግኝ ያጠጣሉ፣ በመራቢያ ወቅት ደግሞ የዝይና የዳክዬ ጎጆዎችን በየተራ ይዞራሉ። ሰብሳቢያቸው ጡረታ የወጡት መምህር ነበሩ፤ ሌሎቹ አናጢው፣ የፋርማሲዋ ባለቤትና ከተማው ሁሉ «ጋሽ ፍሬን» የሚላቸው የቀድሞ ሹፌር ናቸው።

ኢንስፔክተሯ መጀመሪያ የተሰበረውን እንጨት አየች። አልበሰበሰም፤ ሙጫው ገና ይሸታል። የስብራቱ ስንጥር ያዘነበለው ወደ ውሃው ሳይሆን ወደ መራመጃው ነው። ምሰሶው ላይ ደግሞ አዝራር የሚያካክሉ ሁለት ክብ ምልክቶች ጠልቀው ታትመዋል።

ሬሳው ከነበረበት አምስት እርምጃ ያህል ርቆ፣ ደንገሉ ውስጥ አንድ የዝይ ጎጆ አለ። ዝይቱ ውሃው ላይ ሆና አንገቷን አስግጋ ታፏጫለች። ስድስት እንቁላሎች አንድ እፍኝ ደረቅ ሣር ለብሰዋል። ሣሩን አንስታ አየችው፤ አንዳንዱ ከነሥሩ የተነቀለ ነው፤ አፈሩም አልተራገፈም። ፎቶ አንስታ ሣሩን ፖስታ ውስጥ ከተተችና ከጎጆው ራቀች። ዝይቱ ወዲያው ተመልሳ ተቀመጠች።

ከሟቹ ኪስ የወጣው ቁልፍ፣ መሐረብና በፌስታል የተጠቀለለ ቁራጭ ሥጋ ነው። ሥጋው ላይ ሰማያዊ ፍርፋሪ ተጣብቋል።

አናጢው አጠገብ ተቀመጠች።

«መቼ ነው የሠራኸው?»

«ቅዳሜ። አዲስ ጣውላ ነው። ራሴ ተደግፌ ሞከርኩት፤ ወንድም ጋሼም ተደገፈው። 'አንተን የተሸከመ እኔን አይከብደውም' ብሎ ሳቀብኝ። ኢንስፔክተር፣ እስሩ አይደለም የጨነቀኝ። እናታችን አለች፤ አልጋ ላይ ናት። 'ወንድምህን ምን ነካው?' ስትለኝ ምን ልበላት? ጣውላዬ ገደለው ልበላት?»

«ጠላት ነበረው?»

«ፌስታል የሚጥል ሰው ሁሉ ጠላቱ ነበር።» ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። «የፓርኩ ዘበኛ ልጅ ከታመመች ወዲህ ግን እንቅልፍ አልነበረውም። አራት ዓመቷ ነው። ሐሙስ ዕለት ከዚሁ ሜዳ የሆነ ነገር አንስታ በላች፤ ይኸው ሆስፒታል ናት፤ ሐኪሞቹ ምን እንደበላች አላወቁም። ትናንት ማታ ወንድም ጋሼ 'ነገ ጠዋት ድልድዩ ላይ ይለይለታል' አለኝ። ስም አልጠራም። ሰው ማማት አይወድም።»

«ጠዋት ከእናንተ መኪና ይዞ የሚመጣ አለ?»

«እሷ ብቻ፤ ፋርማሲስቷ። ጋሽ ፍሬን የእሳቸውን ከሸጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። አመሉ ግን አለቀቃቸውም፤ በእግራቸው እየሄዱ እንኳ መታጠፊያ ላይ ቆም ብለው ግራ ቀኝ ያያሉ።»

ሬሳውን ያገኘችው ፋርማሲስቷ ናት። ሱቋ ውስጥ፣ ከመደርደሪያዎቹ መሃል ቆማ፣ የነጭ ጋውኗን ጠርዝ ጭቃ በእርጥብ ጨርቅ ትፈትጋለች። ጭቃው ከለቀቀም በኋላ አላቆመችም።

«ከመምህሩ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ማነው ያለው? ይቺ ከተማ ስታነጥሺ 'ታማለች'፣ ስትታመሚ 'ሞታለች' የምትል ናት! በሣር ነው የተጣላነው።»

«በሣር?»

«አዎ በሣር። ዝይ በራሷ ጊዜ ከጎጆዋ ስትነሳ ከደረቷ የነጨችውን ላባ እንቁላሏ ላይ መልሳ ትሄዳለች። ሰው ካስደነገጣት ግን ክፍቱን ትታው ነው የምትሸሸው፤ ቁራ ደግሞ የሚጠብቀው ያንን ነው። ስለዚህ ያስደነገጣት ሰው ሸፍኖላት ይሄዳል። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ትምህርት ይኼ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በደረቅ ሣር ነበር የምንሸፍነው፤ እጃችን ሳናስበው ይሠራዋል። የዛሬ አሥር ቀን ግን መምህሩ ሰብስበውን 'ሣር ይቅር፣ እርጥበት እየያዘ እንቁላሉን ያሻግተዋል፤ የራሷን ላባ ከጎጆው ዳር ሳብ እያደረጋችሁ አልብሱት' አሉን። እኔ ተከራከርኩ። ሁለት የሻገቱ እንቁላሎች አምጥተው አፍንጫዬ ሥር ሰበሩልኝ! ከዚያ ወዲህ የሣር ስም ሲነሳ ያቅለሸልሸኛል።»

«ሌሎቹስ ተስማሙ?»

«የነበርነው ሁላችንም እጃችንን አወጣን።»

ኢንስፔክተሯ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ፋርማሲስቷ ጎንበስ ብላ አየችና ፊቷ አመድ መሰለ።

«የአይጥ መርዝ ነው። ይኼ ሰማያዊው... ከእኔ ሱቅ የወጣ ነው።»

«ስሙን ጻፊልኝና አሁኑኑ ሆስፒታል ደውዪ። የዘበኛው ልጅ የበላችው ይኼንን ነው።»

ሴትየዋ ስልኩን ያነሳችው በሁለት እጇ ነው። ስትጨርስ የሽያጭ መዝገቡን ከፈተችው። በሳምንቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሸጧል፤ ለዳቦ ቤት፣ ለትምህርት ቤት መጋዘን፣ ሦስተኛው ደግሞ «መኪና ሞተር ውስጥ ለገባ አይጥ» ይላል። የገዢው ፊርማ አንድ ጠማማ መስመር ብቻ ነው።

«ይኼኛውን አዲሷ ረዳቴ ናት የሸጠችው፤ የከተማውን ሰው ገና አታውቅም» አለች ፋርማሲስቷ። «ያን ቀን እኔ አልነበርኩም።» ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔም መኪና አለኝ፤ አውቃለሁ የምታስቢውን።»

ኢንስፔክተሯ የመዝገቡን ገጽ ፎቶ አንስታ ወጣች።

ጋሽ ፍሬንን በራቸው ላይ፣ የታሰረ ጉልበታቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው አገኘቻቸው። መስኮታቸው ሥር ለወፎች ውሃ የሚያኖሩበት ሳህን አለ። የብረት ምርኩዛቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ የጫፉ ጎማ ወልቋል።

«ነይ ልጄ፣ ግቢ። ምን ዓይነት ቀን ነው የመጣብን! እንደሳቸው ያለ ሰው ከየት ይገኛል?» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሹ። «እኔማ እግሬ አሰረኝ። ሁለት ሳምንት ሌላ ከተማ ስታከም ከርሜ ያለፈው ማክሰኞ ነው የመጣሁት። ከዚያ ወዲህ ኩሬው ጋ አልደረስኩም፤ ሐኪሙ ከልክሎኛል።»

«ይናፍቅዎታል?»

«ልጅ የለኝም። ያሉኝ የኩሬው ወፎች ናቸው።» ዓይናቸው በራ። «ግን ዘንድሮ ውሻ ሦስት ጎጆ ጨረሰብን። ሦስት! ዕድሜ ልኬን ስነዳ አንድ ውሻ አልገጨሁም፤ ዘንድሮ ግን ጠላኋቸው። ስሚ፣ ድልድዩ ሥር ያለችው ዝይስ? እንቁላሎቿ ደህና ናቸው?»

«ስድስቱም።»

ትንፋሻቸውን ለቀቁት። «ተመስገን። ያ አናጢው ልጅ ግን አሳዘነኝ። ምን ይደረግ፣ እንጨት ይከዳል።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ድልድዩ አጠገብ ተሰበሰቡ። አናጢው ከፖሊሱ ጎን፣ ፋርማሲስቷ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ፣ ጋሽ ፍሬን ፖሊስ በመኪና አምጥቷቸው። አዛዡ ሰዓቱን ያያል።

«ግማሽ ሰዓት ነው የቀረሽ።»

«ይበቃኛል። መጀመሪያ መደገፊያው። ሰው ተደግፎት ቢሰበር ስንጥሩ ወደ ውሃው ያዘነብል ነበር። ይኼ ያዘነበለው ወደ መራመጃው ነው፤ ማለት ድልድዩ ላይ የቆመ ሰው በብረት ፈልቅቆ ወደራሱ ጎትቶታል። እነዚህን ክብ ምልክቶች እዩ። መምህሩ ሲወድቁ መደገፊያው ደህና ነበር፤ የተሰበረው ከወደቁ በኋላ ነው።»

አናጢው ቀና አለ። ከጠዋት ጀምሮ ቀና ሲል ይኼ የመጀመሪያው ነው።

«ማነው ታዲያ?» አለ አዛዡ።

ኢንስፔክተሯ ወደ ደንገሉ ተራመደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ዝይቱ ይኼን ሁሉ እግር ስታይ እየጮኸች ተነሳችና ውሃው ላይ ወደቀች። ስድስቱ እንቁላሎች ፀሐይ ላይ ራቁታቸውን ቀሩ። ኢንስፔክተሯ ክንዶቿን አጣምራ ቆመች። አንድ ቁራ ምሰሶው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ተከተለው። የመጀመሪያው ወደ ጎጆው ዳር ወረደ፤ አንድ እርምጃ፣ ሁለት።

ማንም አላዘዘም። ከሁሉ የቀደሙት ጉልበታቸው የታሰረው ሰውዬ ነበሩ። ምርኩዛቸውን ጥለው ጎንበስ አሉ፣ ከዳርቻው አንድ እፍኝ ደረቅ ሣር ከነሥሩ ነቀሉ፣ እንቁላሎቹ ላይ አለበሱት።

«ኧረ ጋሽ ፍሬን!» አለች ፋርማሲስቷ። «ሣር አይደረግም እኮ! ከቀረ አሥር ቀኑ!»

እጃቸው ጎጆው ላይ እንዳለ ደረቀ።

ኢንስፔክተሯ ከኪሷ ፖስታውን አውጥታ ገለበጠችው። ከነሥሩ የተነቀለ ደረቅ ሣር መዳፏ ላይ ተዘረገፈ።

«ዛሬ ጠዋት እነዚህ እንቁላሎች ላይ ያገኘሁት ነው። ዝይ ላባ እንጂ ሣር አትነቅልም። እንግዳ ሰው ደግሞ የዝይ እንቁላል ለመሸፈን አያስብም። ስለዚህ መምህሩ ሲወድቁ እዚህ የነበረው ከእናንተ አንዱ ነው። ፋርማሲስቷና አናጢው የሣሩን መቅረት ሰምተዋል፤ እጃቸውን አውጥተዋል። ያኔ ሕክምና ላይ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከተመለሰ ወዲህም ኩሬው ጋ አልደረስኩም ያለኝ እሱው ነው።» ወደ እሳቸው ዞረች። «የወደቀው ምርኩዝዎ ጫፍ ከምሰሶው ምልክት ጋር ልክክ ይላል። የሌለ መኪናዎ ውስጥ ለገባ አይጥም መርዝ ገዝተዋል። ውሻ ጎጆ ሦስት ጊዜ በላብዎት፤ ሥጋ መርዘው በሜዳው ጣሉ። የበላችው ግን ልጅ ሆነች።»

ጋሽ ፍሬን አልተነሱም። «ለውሻ ነበር» አሉ፣ ለእንቁላሎቹ የሚነግሩ ይመስል። «ልጅ ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም። በውሾቹ ላይ ስዝት ሰምተውኝ ነበር፤ ሥጋውን ሲያገኙ ጠዋት እዚሁ ጠሩኝ። 'ሐኪሞቹ ምን እንደበላች አያውቁም፤ አንተ ታውቃለህ፤ ና አብረን እንንገራቸው' አሉኝና እጄን ያዙኝ። ከዚህ ቦታ ያባርሩኛል፣ ሰው ይተፋብኛል ብዬ ፈራሁ። ገፋኋቸው። በመደገፊያው ላይ ተገለበጡ። ተነስተው ይወጣሉ ብዬ...»

«እየጠበቁ ነው እንቁላሉን የሸፈኑት?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሽማግሌው ሣሩን እንቁላሎቹ ላይ አስተካከሉ።

አናጢው ሁለት እርምጃ ቀረበ። ፖሊሱ ሊይዘው እጁን ዘረጋ፤ አዛዡ ግን በዓይኑ ከለከለው።

«ወንድሜ ውሃ ውስጥ ነበር» አለ አናጢው፣ ድምፁን ሳያነሳ። «አንተ ሣር እስክትነቅል ድረስ፣ እስክትሸፍን ድረስ፣ መደገፊያዬን እስክትሰብር ድረስ ወንድሜ እዚያ ነበር። አምስት እርምጃ ነው። በምርኩዝም ቢሆን አምስት እርምጃ ነው።»

ሽማግሌው ፊታቸውን በጭቃማ እጃቸው ሸፈኑ። ፖሊሶቹ አንስተው፣ ደግፈው ወሰዷቸው። መንገዱ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ግራ ቀኝም አዩ።

አዛዡ ፋይሉን ብብቱ ውስጥ ከተተ። «ላሟ ውላ ኖሯል» አለ።

የፋርማሲስቷ ስልክ ጮኸ። አዳመጠች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ እንባዋ መጣ። «ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። መድኃኒቱ ያዘላት።»

አናጢው ግን የሰማ አይመስልም። የተሰበረውን ጣውላ ከመሬት አንስቶ ጫፉን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ነበር።

«ይዞ ነበር ማለት ነው?» አላት።

«ይዞ ነበር። ያንን ምስማር ለማስለቀቅ ብረት አስፈልጓል።»

ጣውላውን በጥንቃቄ ሣሩ ላይ አኖረው። ተንበርክኮ ከእንቁላሎቹ ላይ ሣሩን አንድ በአንድ ለቀመ፤ ከጎጆው ዳር ላባውን ሳብ ሳብ እያደረገ፣ ወንድሙ እንዳሳየው፣ ስድስቱንም አለበሳቸው። ከዚያ ሁሉም ወደኋላ እንዲርቁ በእጁ ምልክት ሰጠ። ዝይቱ ከሩቅ ዞር ዞር ብላ አየች፤ መጣችም።

«እንግዲህ ልሂድ» አለ አናጢው፣ ጉልበቱን እያራገፈ። «እናቴ ትጠብቀኛለች። አሁን የምነግራት አለኝ።»