አረንጓዴው ምስክር

ጌዲዮን የተገኘው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ጭሮ ዋናው መንገድ ዳር ካለው የዓሊዩ ሕንፃ ጀርባ፣ ለግንባታ በተከመረ ድንጋይ ላይ። የወደቀው ከአራተኛው ፎቅ ነው። ፎቁ ገና ግድግዳ የለውም፤ ብረቱ ወደ ሰማይ እንደቆመ ቀርቷል። ሟቹ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወደዚያ ወጥቶ የሶላሩን አቧራ ይጠርግ ነበር። ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለም።

ኢንስፔክተር ሳህሊቱ አስከሬኑን አይታ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጣች። ጌዲዮን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የሚሠራበት ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ የሙከራ ስልካቸው ተቀምጧል፤ አረንጓዴ ምልክት በርቶበታል፤ ከሥሩ «ዱጋ» የሚል ቃል ይነበባል። በኦሮምኛ እውነት ማለት ነው።

የአራት ዓመት ልፋታቸው ይኸው ነበር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የማንንም ፊትና የማንንም ድምፅ አስመስሎ መሥራት በቻለበት ዘመን፣ ሦስቱ ወጣቶች ስልክ የቀዳውን ነገር በተቀዳበት ቅጽበት የሚያትም ሥርዓት ቀረጹ። ከማኅተሙ በኋላ አንዲት ነጥብ እንኳ የተነካች እንደሆነ ምልክቱ ይቀላል። ካልተነካ አረንጓዴ ነው። በመጪው ሰኞ በዞኑ አዳራሽ ለዳኞች ሊያሳዩት ቀጠሮ ይዘው ነበር።

ስልኩ ላይ ያለው ቅጂ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ታትሟል። ሳህሊቱ ከፈተችው። የጎልማሳ ሰው ድምፅ ነው፤ የተረጋጋና ቀዝቃዛ።

«ጌዲዮን፣ በአገር ፊት ውሸታም አሰኝተኸኛል።»

ከዚህ በኋላ የመኪና ክላክስ ድምፁን ዋጠው። ክላክሱ ሲርቅ፣ «ዛሬ ከዚህ ሕንፃ በእግርህ አትወርድም» የሚለው ተሰማ። ቅጂው አበቃ።

ድምፁ የማን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ አልወሰደም። የበደሳው ቡና ነጋዴ የአብዲሳ ነው። ሲመሽ ታሰረ፤ በነጋታው የሱቁ መስኮት በድንጋይ ተሰባበረ።

ኮማንደር ጀምበሩ ፋይሉን ወደ ሳህሊቱ ገፋላት። «ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሟቹ ራሱ የሠራው ማሽን መስክሮበታል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ማሽኑን ማነጋገር አልችልም። ሰዎቹን ላነጋግር።»

«እስከ ቅዳሜ ማታ» አለ ጀምበሩ። «ከዚያ በኋላ ፋይሉ የእኔ ነው።»

አብዲሳ በጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ሰላምታዋን አልመለሰም።

«ሶባ ነው» አለ። «ውሸት። ድምፁ የእኔ ነው፤ ነገሩ የእኔ አይደለም።»

«ከጌዲዮን ጋር ተጣልታችኋል።»

«ሰዎች የቡና ዛፌን ሲቆርጡ በስልኬ ቀረጽኩ። ለሽማግሌ አሳየሁ። ጌዲዮንን ጠየቁት፤ ማኅተም የለውም፣ አላረጋግጥም አለ። ገበያው በሙሉ አብዲሳ ቪዲዮ ሠራ አለ። አንቺ ብትሆኚ አትጣዪም?»

«ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት?»

«ከበደሳ በሞተር እየመጣሁ፤ ብቻዬን። ማን አየህ በይኝ። ማንም አላየኝም።»

«ድምፅህን ቀድተውት ያውቃሉ?»

«ከጠቡ በፊት። እዚያው ቢሮ አስቀምጠው አንድ ሰዓት ጋዜጣ አስነበቡኝ። ለሙከራ ነው አሉ። ሦስቱም ነበሩ።»

«ቤተሰብህ ያውቃሉ መታሰርህን?»

አብዲሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከእሷ አነሳ። «ሚስቴ ታውቃለች። ልጄ ምን ታውቃለች? አንዲት ናት፤ ጡት አልጣለችም። ፖሊስ የሕፃን ቃልም ይቀበላል እንዴ?»

ሳህሊቱ ፌዙ የመጣው ከቁጣ እንጂ ከተንኮል አለመሆኑን ለየች።

ዓሊዩ የሚውለው በሕንፃው ብቸኛ ደረጃ አፍ ላይ፣ የጫት ማሸጊያ መጋዘኑ በር ዘንድ ነው። ስትደርስ በርጩማ እንኳ አልሳበላትም።

«ሕንፃዬን የሬሳ ቤት አደረጉብኝ፣ አቦ። ባለፈው ዓመት ውጡልኝ ብያቸው ነበር።»

«ስለዚህ በመሞቱ አላዘኑም፣ ጋሽ ዓሊዩ።»

«ቃሌን አታጣሚ፣ እህቴ። ወላሂ የዚያን ሰውዬ ድምፅ...»

የጫት መኪና ክላክሱን እያንባረቀ ከሂርና በኩል መጣ። ዓሊዩ ንግግሩን አቋረጠ፤ እጁ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ጠበቀ። መኪናው ሲያልፍ፣ «... በጆሮዬ ሰማሁ» ብሎ ካቆመበት ቀጠለ።

«ሲወጣስ አይተውታል?»

«አላየሁም።»

«ሲወርድ?»

«እሱንም አላየሁም።» ግንባሩን ቋጠረ። «ከምሳ ጀምሮ ከዚህ አልተነሳሁም።»

«ታዲያ ከምሳ በኋላ በዚህ ደረጃ ማን ወጣ?»

«ማንም። እነሱ ብቻ ናቸው እንጂ፤ የቤቱ ሰዎች።»

ከሁለቱ ባልደረቦች አንዷ ሳምራ የሥርዓቱን ፕሮግራም የጻፈችው ናት፤ ሌላው ኢዮስያስ ነው። ፊቷ በለቅሶ አብጧል፤ ምላሷ ግን ስለታም ነው። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሂርና ለሙከራ ድምፅ ስትቀዳ ውላ በአሥር ሰዓት ሚኒባስ ተመልሳለች፤ ሃያ ሰው አይቷታል።

«ረቡዕ ከጌዲዮን ጋር ተጯጩሃችኋል ተባለ» አለቻት ሳህሊቱ።

«ማን አለ? ኢዮስያስ? አዎ፣ ጮኽኩበት። ሰኞ አናቀርብም አለኝ። ምክንያቱን ሐሙስ ማታ እነግርሻለሁ አለ። አራት ዓመት ለፍቼ ቀጠሮ ተሰጠኝ። እርስዎስ ቢሆኑ?»

«ኢዮስያስ ምክንያቱን ያውቅ ነበር?»

«እሱ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚነገረው። የቸርች ጓደኛው አይደል?»

በቢሮው መስኮት ሥር መኪና አለፈ። ሁለቱም ዝም አሉ። ክላክሱ ሲርቅ ሳህሊቱ ጠየቀች፤ «ክላክሱ የዋጠውን ንግግር ማውጣት አይቻልም?»

«ሌሊቱን ሙሉ ሞከርኩ። ከሥሩ የሚሰማ ነገር የለም። እኔ ካላወጣሁት ማንም አያወጣውም።»

ሳህሊቱ ከሟቹ መሳቢያ ያገኘችውን ቁራጭ ወረቀት አሳየቻት። በጌዲዮን እጅ የተጻፈ አንድ መስመር ነው፤ «ማኅተሙ የሚመሰክረው ለጆሮው ነው፤ ለአፉ አይደለም።»

ሳምራ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን እንደሚያቃጥል ነገር ጠረጴዛው ላይ ለቀቀችው።

«ገባሽ?» አለች ሳህሊቱ።

«ገባኝ» አለች ሳምራ በቀስታ። «ጌታዬ ሆይ፤ ገባኝ።»

ኢዮስያስን ያገኘችው በቸርቹ አዳራሽ ሞንታርቦ ሲጠግን ነው። የቡድኑ መሣሪያ አዋቂ እሱ ነው። ከጉልበቱ ሳይነሳ አነጋገራት።

«የሞተው ወንድሜ ነው፤ የሚመረመረው ግን እኔ ነኝ።»

«ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ፤ ሽቦ ስቀጥል።»

«ማን አየህ?»

«እግዚአብሔር።»

«እሱን መጥሪያ መላክ ይቸግረኛል።»

ኢዮስያስ ፒንሳውን ወረወረ። «ይቀልዳሉ። ገዳዩ እጃችሁ ላይ ነው። ልጆቼ ትምህርት ቤት መሄድ አፈሩ ብሎ ሰው ይገደላል? እኛ ቡናውን አልቆረጥንም። ዱጋ ገዳዩን ያዘላችሁ፤ ሰኞም ዳኞቹ ፊት ይኼንኑ እናገራለሁ።»

«ዝግጅቱ አልተሰረዘም?»

«ጌዲዮን የሚፈልገው ይኼንን ነው።»

ሳህሊቱ ማስታወሻዋ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ጻፈች። ከዚያ ሳምራን ልትፈልግ ተመለሰች።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም በሦስተኛው ፎቅ ተሰበሰቡ። አብዲሳ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል። ዓሊዩ ከበሩ አልራቀም፤ ኢዮስያስ ክንዱን አጣጥፎ ግድግዳውን ተደግፏል። ኮማንደር ጀምበሩ ሰዓቱን ያያል።

ሳህሊቱ የሙከራውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ለሳምራ ምልክት ሰጠቻት። ሳምራ ስልኩን መቅዳት አስጀመረችና ከአጠገቡ ያለውን ስፒከር ከፈተች። የራሷ የሳህሊቱ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ጌዲዮንን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ጀምበሩ ከወንበሩ ተነሳ። የሳህሊቱ አፍ ዝግ ነበር። ድምፁ ግን ቀጠለ፤ እንዴት እንደወጣች፣ እንዴት እንደገፋችው በረጋ አንደበት ይተርካል። በዚህ መሀል የጫት መኪና ክላክሱን እያንባረቀ መጣ። ጀምበሩ ሊናገር ከፍቶ የነበረውን አፉን ያዘ። ሊያጉረመርም የጀመረው ዓሊዩም ዝም አለ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መኪናው እስኪያልፍ ጠበቀ። ያልጠበቀው ስፒከሩ ብቻ ነው።

ሳምራ ስልኩን አነሳች። አረንጓዴ። ዱጋ።

«ትናንት ከሰዓት ድምፄን ሰጠኋት፤ ለዛሬ ደረሰ» አለች ሳህሊቱ። «ጌዲዮን በሞቱ ዋዜማ የደረሰበት ይህንን ነው። ማኅተሙ አይዋሽም፤ ስልኩ ይህን ድምፅ በዚህ ሰዓት በእርግጥ ሰምቷል። ከሰው አፍ ይሁን ከስፒከር ግን አያውቅም። ለጆሮው ነው የሚመሰክረው፤ ለአፉ አይደለም።»

«ይቻላል ማለት ተደርጓል ማለት አይደለም» አለ ኢዮስያስ።

«ልክ ነህ። ስለዚህ የሐሙሱን ቅጂ ደግመን እናስብ። ክላክሱ ሲጮኽ ያ ድምፅ አልቆመም፤ ከፍም አላለም። ቃሉን አስውጦ አለፈ። በዚህ መንገድ ዳር እንዲህ የሚናገር ሰው አይታችኋል? ሁለት ቀን ሙሉ ያነጋገርኩት ሰው ሁሉ መኪና ሲያልፍ ይጠብቃል።»

«የበደሳ ሰው ነው፤ የጭሮን መንገድ ምን ያውቃል?»

«የሚዝት ሰው፣ የትም ይወለድ፣ ዛቻው እንዲሰማለት ይፈልጋል። ቃሉን ለክላክስ አይገብርም።» ወደ ዓሊዩ ዞረች። «ጋሽ ዓሊዩ ድምፁን ሰምተዋል፤ ሰውዬውን ግን ሲወጣም ሲወርድም አላዩም። ምክንያቱም አልነበረም። ያዩት የቤቱን ሰው ነው። ሐሙስ ሳምራ ሂርና ነበረች። ሟቹ አራተኛው ፎቅ ላይ ነበር። ታዲያ የቱ የቤት ሰው ነው የቀረው?»

ዓሊዩ ወደ ኢዮስያስ ቀስ ብሎ ዞረ። «ቦርሳ ይዘህ ነበር፣ አቦ። ሰላም ብለኸኝ ወጣህ። የአንተን እንደ መውጣት አልቆጠርኩትም።»

«ቢሮዬ ነው» አለ ኢዮስያስ። «ቢሮዬ መግባት አይደለም ወንጀሉ።»

«አይደለም። ቸርች ነበርኩ ማለትህ ግን ውሸት ነው» አለች ሳህሊቱ ማስታወሻዋን እየገለጠች። «አሁን ሁላችሁም ንገሩኝ፤ ከ‹ውሸታም አሰኝተኸኛል› ቀጥሎ ምን ይላል?»

«መኪናው ዋጠው» አለ ጀምበሩ።

«አይሰማም» አለች ሳምራ።

«ኢዮስያስ ግን ሰምቶታል። ትናንት እንዲህ አለኝ፤ ‹ልጆቼ ትምህርት ቤት መሄድ አፈሩ ብሎ ሰው ይገደላል?› ይህን ቃል በዚህ ምድር ላይ የሚያውቀው ለስፒከሩ የጻፈው ሰው ብቻ ነው።»

«ራሱ ነግሮኝ ነው» አለ ኢዮስያስ ፈጥኖ። «አብዲሳ ከዚያ በፊት ነግሮኛል።»

አብዲሳ ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «የእኔ ልጅ? ገና ትድሃለች እኮ። የትኛው ትምህርት ቤት አስገባሃት?»

ኢዮስያስ ወደ ሳምራ አየ። ሳምራ አላየችውም።

«ዱጋን ሊያፈርሰው ነበር» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ደርቋል። «አራት ዓመት። ማስተማሬን ትቼ መጣሁ። ለጉባኤው ሁሉ መሰከርኩ። እሱ ሰኞ በማቅረብ ፋንታ ዳኞቹ ፊት ቆሞ አትመኑት ሊል ነበር። ይህ ነገር ንጹሕ ሰው ያሳስራል አለኝ። እናስተካክለውና እንመለስ አለ፤ ሌላ ሁለት ዓመት። ገፋሁት።»

«ልክ ነበር» አለች ሳምራ። «አንተ ራስህ አሳየኸን።»

ጀምበሩ ፖሊሶቹን በዓይኑ ጠራ። ካቴናው ከአብዲሳ እጅ ወደ ኢዮስያስ እጅ ተሻገረ። ዓሊዩ ሲወጡ ከበሩ ዞር አለላቸው፤ «ጌዲዮን ምሳውን ያካፍልህ ነበር እኮ» ብቻ አለ።

«ቃሉን በዚህ ስልክ እንቅዳው?» ጠየቀ ጀምበሩ።

«በወረቀት፣ ጌታዬ። ፊቱን እያዩ» አለች ሳህሊቱ።

አብዲሳ የእጁን አንጓ እያሻሸ ቀረ። ሳህሊቱ ይቅርታ አለችው።

«ይቅርታሽን ለመስኮቴ ንገሪው» አለ። ቢሆንም አልሄደም። ዓይኑ ኮምፒውተሩ ፊት በተቀመጠችው በሳምራ ላይ ነበር። «ደግሞ ምን ትሠሪያለሽ? ሌላ ዱጋ?»

ሳምራ ጥቂት ጻፈች። ከዚያ የሙከራውን ስልክ አንስታ መቅዳት አስጀመረች፤ አንድ ጊዜ አሳለችበትና ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችው። አረንጓዴው ጠፍቷል። በግራጫ ምልክት ሥር፣ ዱጋ የሚለው በነበረበት ቦታ፣ «ተሰምቷል» ይላል። ሌላ ምንም አይልም።

አብዲሳ ረጅም ጊዜ አየው።

«ይኼንን ማለት ከመጀመሪያው ይበቃ ነበር» አለና ደረጃውን በእግሩ ወረደ።