መግቢያው ላይ ጥቁር አይታይ

ነሲባ የሞተችው ፔኒሲሊን ተወግታ ከክሊኒኩ ሳትወጣ ነው። መርማሪው መቶ አለቃ ዘርአ ዳዊት ከደብረ ብርሃን ሲደርስ አስከሬኗ በነጠላ ተሸፍኖ አግዳሚው ላይ ተጋድሟል። ባሏ ረሺድ፣ የአልዩ አምባው ክር ነጋዴ፣ አጠገቧ ቁጭ ብሎ የከፈኑን ጨርቅ ጠቅልሎ በክር ሁለቴ አዙሮ ያስራል። ሲጨርስ ክሩን በጥርሱ በጠሰው።

«ጀናዛዋን ስጡኝና ልቅበራት፣ ጌታው። ገዳይዋ እንደሆነ ታስሯል» አለ።

የታሰረው መርፌውን የወጋት የክሊኒኩ ድሬሰር ገብረአብ ነው። ወደዚህች ከጎረቤላ ቁልቁል ወዳለች ክሊኒክ ከተዛወረ ወር አልሞላውም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ተክለጊዮርጊስ ግን ጉዳዩን መርማሪው ሳይመጣ ጨርሶታል። ድሬሰሩ ፀረ አብዮት ነው፤ የአብዮቱን በዓል ዋዜማ ሊያበላሽ ሆን ብሎ ገደላት። በዚያ ዘመን ይህ ስም የተለጠፈበት ሰው የት እንደሚደርስ ሁሉም ያውቃል፤ ደፍሮ የሚናገር ግን የለም።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ካንተ የሚጠበቀው ፊርማ ብቻ ነው።»

«የኔ ፊርማ ሰነፍ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሳያይ አይነሳም።»

ገብረአብ እጁ የኋሊት ታስሮ ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል። ከንፈሩ ደርቋል።

«ለምን ወጋሃት?»

«ጉሮሮዋ ቆስሎ፣ ትኩሳት ይዟት መጣች። ሰሌዳው ላይ ያለው ክሯ ቀይ ነበር። ቀይ ካልሆነማ እንዴት እነካታለሁ?»

«እሷ ምንም አላለችም?»

«ምልክቷን ከሰሌዳው አውርጄ ሳሳያት ፈገግ አለች። ‹አልሐምዱሊላህ፣ ተነሳልኝ ማለት ነው?› አለችኝ። ትኩሳቱ የሚያናግራት መስሎኝ ‹አዎ› አልኳት።» ይህን ብሎ አለቀሰ።

መቶ አለቃው ወደ መግቢያው ተመለሰ። ወደ ክሊኒኩ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊት ለፊት ያለውን ሰሌዳ ነው። ሰሞኑን ቀለም ተቀብቷል፤ በእውነት ያምራል። ቁጥር የተቀረጸባቸው የእንጨት ምልክቶች በየምስማሩ ተንጠልጥለዋል፤ በያንዳንዱ ቀዳዳ ክር ታስሯል። ማንበብ ለማይችል ሕመምተኛ ብሎ ይህን ዘዴ ያወጣው የቀድሞው ድሬሰር ወልደሩፋኤል ነበር። እሱ ለጦር ግንባር ተወስዷል፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ዘዴውን ለመርማሪው የነገረችው የጽዳት ሠራተኛዋ በሰለች ናት፤ ለገብረአብም የነገረችው እሷ ነበረች።

«ነጭ ተራ ሕመምተኛ ነው። ቀይ፣ በየወሩ ፔኒሲሊን ካልተወጋ ልቡ የሚታመም። ጥቁር ደግሞ ፔኒሲሊን የሚገድለው። ‹እናንተ ዝም በሉ፣ ክሩ ይናገርላችኋል› ይላቸው ነበር ጋሽ ወልደሩፋኤል።»

«የማን ክር ምን እንደነበር የምታውቂው አለ?»

«ኧረ እሱስ በጋሽ ወልደሩፋኤል ራስ ውስጥ ነው ያለው። ጥቁር የታሰረበት ሰው ደግሞ ለጎረቤትም አይናገር። ሞት የቀጠረው ነው ይሉታላ። ለልጁ እንኳ ሚስት ይከለክሉታል።»

«ሰሌዳው ሲቀባ አላየሽም?»

«ደነባ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ስመለስ አምሮ አገኘሁት። በሐዘን ላይ ያለ ሰው ክር አያይም፣ ጌታዬ።»

መቶ አለቃው የነሲባን ምልክት አንስቶ ወደ ብርሃኑ አቀረበው፤ ከዚያም ሌሎቹን አገላበጠ። ሲጨርስ ፊቱ ጠቁሯል። ባይናገር በወደደ ነበር፤ ዝም ካለ ግን ገብረአብ ይሞታል። ሰዎቹን ሁሉ ሰሌዳው ፊት ሰበሰባቸው፤ እስረኛውንም አስመጣው።

«ድሬሰሩ ቀይ አይቶ ወግቷል፤ ሥራው ይኸው ነበር። ሟቿ ግን ቀይ በማየቷ ደስ አላት። ‹ተነሳልኝ› ያለችው ምኑን ነው? ጥቁሩን ነዋ። እሷ የምታውቀው ክሯ ጥቁር እንደነበረ ነው። እዩት፣ ከእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ የጥቁር ክር ጭራ ቀርቷል። አሁን ሰሌዳውን በሙሉ ተመልከቱ። ነጭ አለ፣ ቀይ አለ፤ ጥቁር አንድም የለም። በወልደሩፋኤል ጊዜ ግን ነበረ።»

«ለበዓሉ ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ» አለ ሊቀመንበሩ ቶሎ ብሎ። «መግቢያው ላይ ጥቁር አይታይ አልኩ። የሐዘን ቤት ያስመስላል። ማሳመር ወንጀል ነው?»

«አዘሃል። እጁ ግን የሌላ ሰው ነው። ወልደሩፋኤል ክሩን በመቀስ ይቆርጥ ነበር፤ የቆዩት ጫፋቸው ቀጥ ያለ ነው። አዲሶቹ ቀዮች ሁለቴ ዞረው ተቋጥረዋል፣ ጫፋቸው በጥርስ ተበጥሷል።» መቶ አለቃው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አቶ ረሺድ፣ የከፈኑንም ጨርቅ እንዲሁ ነው ያሰርከው።»

ረሺድ ታቅፎት የነበረውን ጥቅል አየው።

«ክር ስላለኝ ሊቀመንበሩ በጥቁሩ ፋንታ አንተው ቀይ እሰር አለኝ። እኔ ጌጥ ነው ብዬ… ጥቁር እንዳለባት አልነገረችኝም። እኔንም አፍራ ነው?»

ረሺድ ከገብረአብ እግር ስር ተደፋ። «ይህን ልጅ ፍቱት። ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ውሰዱ።»

መቶ አለቃው የእስረኛውን ገመድ ለመፍታት እጁን ሲዘረጋ የአብዮት ጥበቃዎቹ መሐል ገቡ። እሱ ሽጉጥ ነበረው፤ ሊቀመንበሩ ግን ስብሰባ ነበረው፣ ስብሰባው ደግሞ ትናንት ወስኗል።

«ፊርማህ ካልተነሳ የኛ ይበቃል» አለ ተክለጊዮርጊስ። «ሰሌዳውን በዓሉ እስኪያልፍ ማንም አይንካ።»

ገብረአብን ሲወስዱት በሰለችን ዞሮ አያት። «የሚተካኝ ሰው ከመውጋቱ በፊት ሕመምተኞቹን ጠይቂያቸው፤ ክራችሁ ምን ነበር በያቸው» አላት። ዘርአ ዳዊት ሪፖርቱን እስከ ክፍለ ሀገር እንደሚያደርስ ማለለት። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱም አላመኑም። ረሺድ ሚስቱን በቃሬዛ ይዞ ቁልቁል ወረደ።

በማግስቱ ተተኪው ድሬሰር መጣ። በሰለች በር ላይ ቆማ የተሰለፉትን በየተራ መጠየቅ ጀመረች። ወልደአረጋይ የሚባሉ ሽማግሌ ወደ ሰሌዳው አንጋጠው፣ ቀዩን ክራቸውን አይተው ፊታቸው ፈካ።

«አባቴ፣ በሞቴ እውነቱን ይንገሩኝ። የርስዎ ጥቁር አልነበረም?»

ሽማግሌው ከኋላቸው የተሰለፈውን የአገር ሰው በዓይናቸው ሰረቅ አድርገው አዩ።

«ምን በወጣኝ» አሉ። «የኔ ዱሮም ቀይ ነው።»

እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ወደ መርፌው ክፍል ገቡ።