ጠጠር ያለበት ቁራሽ

ወለተሐና ዲያቆን ኃይለ ገብርኤልን ስትጠላው ለጉድ ነበር።

ብትጠላውስ ይፈረድባታል? አምና በአባቷ ቤት የማርያም ዝክር ላይ፣ በእጇ ፈጭታ የጋገረችውን ዳቦ ገና አንዴ ጎርሶ ቱፍ አለው። «ኧረ ጠጠር ነው!» ሲል ካህናቱ ሳቁ። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከሄደ ወዲህ አንኮበር ከወሬ ሌላ ሥራ አልነበራትምና፣ በሳምንቱ ስሟ «ጠጠር ጋጋሪዋ» ሆኖ ቀረ። ሊያጯት ያሰቡ ሁለት ቤቶችም ዝም አሉ። ከሁሉ የሚያንገበግባት ደግሞ እውነቱን መናገሩ ነው፤ የለሰለሰውን ወፍጮ በድንጋይ ወቅራ፣ የድንጋዩን ብናኝ በደንብ ሳታጥብ ነበር የፈጨችው።

ዘንድሮ ያው ሰው ሽማግሌ ላከባት። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቅ፣ ከታረቁም ሊያጫት።

«ድንጋይ ይወዳል? እኔ አበላዋለሁ!» አለች።

ሁለት ዳቦ ጋገረች። የሽማግሌዎቹን በታጠበ ወፍጮ፣ የእሱን ደግሞ አዲስ ተወቅሮ ውሃ ባልነካው ወፍጮ ፈጨች። ጠጠር አለው ቢል፣ ንጹሑን የበሉት ሽማግሌዎች ውሸታም ይሉታል፤ የእሷም ስም ይመለሳል።

መጣ። በኩታ የተሸፈነ ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ በሩ ላይ ጎንበስ አለ።

«የተበደልሽው አንቺ ነሽ፤ ይቅር በይና አውርጂለት» አሉ አባቷ መምሬ ገብረአብ።

«መጀመሪያ ይብላ!»

ቁራሹን ሰጠችው። ሽማግሌዎቹ የራሳቸውን እየበሉ «ዳቦ ማለት ይህ ነው!» ይላሉ። እሱ ጎረሰ። ጥርሱ ሥር ቀጭ ሲል አጠገቡ ላለችው ለእሷ ብቻ ተሰማ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ቀና ብሎ አያትና ዋጠ። ደገመ።

«ምነው ዲያቆን፣ ጠጠር የለውም?» አለች ጮክ ብላ።

«እጅ ያስቆረጥማል!» አለ ሁሉም እንዲሰሙ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አምናም እንዲህ ብዬ መዋጥ ነበረብኝ» አላት።

ሦስተኛውን ሊጎርስ ሲል እጁን ያዘችው።

«በቃ! ጥርስህን ልትጨርሰው ነው?»

«አንቺን ምን ቸገረሽ?»

«ቸገረኝ!» አለች፤ ራሷንም ገረማት።

ድንጋዩን ከትከሻው አወረደችው። ኩታው ሲገለጥ በእጅ ተይዞ የሚፈጭበት አዲስ የወፍጮ መጅ ነው።

«ጠጠር የማይጥል ድንጋይ ስፈልግ ዓመት ፈጀብኝ» አለ። «ሦስቴ አጥቤዋለሁ።»

«አላምንህም፤ እኔም አጥበዋለሁ» አለች ወለተሐና። «የሠርጋችንን ዳቦ የምፈጨው በሱ ነው።»