ወፍራሙ ዘይት

ቅዳሜ ማለዳ ወደ ላሊበላ የሚሄዱ ገበያተኞች የደሳለን ሬሳ ከገነተ ማርያም መንገድ ጠመዝማዛ ሥር አገኙት። ሞተሩ ከላዩ ወድቋል። ሰው በሞተር እያመላለሰ የሚያድር፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያልደፈነ ልጅ ነበር። ወይ ጉድ! በየቀኑ በሚወርደው መንገድ ቀረ።

አገሩ ለመፍረድ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ባለወፍጮው አባቱ ጋሽ ኪዳን ደረታቸውን እየደቁ «መሐመድኑር ነው የገደለብኝ! የሞተሩ ሾክ ውስጥ ውኃ የመሰለ ዘይት ሞልቶ!» ሲሉ ማን ይከራከራል? መካኒኩ መሐመድኑር ታሰረ፤ ሰኞ ወደ ወልድያ ሊላክ ነው።

ኢንስፔክተር ወለተ ሐና ግን ችኩል ሴት አይደለችም። እሑድ ገና ብርዱ ሳይለቅ መሪውን ይዛ የሞተሩን ፊት ወደ ታች ተጫነችው። ንቅንቅ አላለም። የመንገዱን ነውጥ የሚያበርደው የፊት ሾክ ቱቦ ክዳን ጠርዙ በፒንሳ ተነክሷል። ስትከፍተው ጥቁር ወፍራም ዘይት ወጣ፤ ክዳኑ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ነጭ ዱቄት ተጋግሯል። ዱቄቱን በጣቷ አሸችው።

እስረኛውን አስጠራች።

«ምን ዓይነት ዘይት ነው የሞላህለት?»

«ቁጥር አስር፣ ቀጭኑን። ለኛ ብርድ ልኩ እሱ ነው።»

«ሰው ሲጭን የሞተሩ ፊት ወደ መሬት ይሰግዳል ይባላል።»

«ሁለት ሰው ከጫነማ ይሰግዳል። ቢመጣ ወፈር ባለው፣ በቁጥር አሥራ አምስት እቀይርለት ነበር። ወላሂ፣ አልመጣም!»

ቀጥላ ያነጋገረችው ፈንታውን ነበር፤ እሱም ሞተረኛ ነው፣ በተሳፋሪ ሽሚያ ከሟቹ ጋር ይጣላ ነበር።

«ዓርብ ተሰዳድበናል፤ አልደብቅም» አለ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ሞተሩ ግን ከቀትር ጀምሮ አባቱ ግቢ ነበር። እኔ ደጃቸውንም አልረገጥኩ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ልቅሶው ድንኳን ሰበሰበቻቸው። መሐመድኑር እጁ በካቴና እንደታሰረ ገባ፤ ሕዝቡ አጉረመረመ።

«ሾኩ ውስጥ የነበረው የመካኒኩ ዘይት አይደለም» አለች። «ወፍራም የሞተር ዘይት ነው፤ ያውም ከልኩ በላይ። እንዲህ ያለው በብርድ ይጠጥራል፤ ሾኩ አይታጠፍም። ጎማው ኮረቱ ላይ እየዘለለ መሬት ይለቃል። ደሳለ የወደቀው ለዚህ ነው። ክዳኑን የከፈተው የመካኒክ ቁልፍ ሳይሆን ፒንሳ ነው። ዱቄትም አለበት።» ወደ ጋሽ ኪዳን ዞረች። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዱቄቱ ከወፍጮ ቤት ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ገልብጠው አዩ።

«እኔ ነኝ እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው። «ደሳለ ‹አባዬ፣ ሞተሩ ይሰግድብኛል› አለኝ። ያረጀው ወፍጮዬ ሲንኮሻኮሽ ወፍራም ዘይት ነው የማጠጣው፤ ቀጥ ይልልኛል። ለልጄም ይበጀዋል ብዬ ቀየርኩለት፤ የጎዳው የቀድሞው ቀጭን ዘይት መስሎኝ... መጀመሪያማ ጋራዡ ሄጄ ነበር። ዓርብ ቀትር ላይ። ዝግ ሆነ።»

«ጁምዓ ነበር» አለ መሐመድኑር። «መስጊድ ነበርኩ።»

«አንድ ሰዓት ብጠብቅህ ኖሮ! ወይኔ ልጄን!»

ካቴናው ተፈታ። ወደ ቤቱ ይሮጣል ብሎ ሰው ሁሉ ሲጠብቅ፣ መሐመድኑር ከጋሽ ኪዳን አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ አንተንም ልገድልህ ነበር» አሉት።

«ይተዉት ጋሼ» አለና አብሯቸው አለቀሰ።