የረሂማ ሰባተኛ ፎቅ

«አንኳኪ እንጂ! ሰተት ብለሽ የምትገቢው ግራና ገበያ መሰለሽ?»

ይህን ያለችው ረሂማ ናት። የእህቷ ልጅ ሀስና ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወንበሩ ላይ ተመቻቸች። የአክስቷን ጥቁር መነጽር ሰክታ፣ እግሯን አጣምራ ተቀምጣለች። ከሰዓት በኋላ በዚህ ቤት ማዳም፣ የዐረብ አገር አሠሪ ሆና የምትጫወተው እሷ ናት። ደጃፉ ላይ በኖራ የተሰመረ አራት ማዕዘን አለ፤ ሊፍት ነው። ዐረብ አገር ልትሄድ የምትሠለጥን ልጅ መጀመሪያ እዚያ ውስጥ ትቆማለች፣ ሰባት ቁጥርን ትጫናለች፣ ከዚያ ታንኳኳለች። የረሂማ ቤት መርሳ ከተማ ውስጥ ካሉት ሁሉ ዝቅ ያለ፣ ክረምት ሲገባ ጎርፍ የሚጎበኘው ቤት ነው። ሥልጠና ሲጀመር ግን ሰባተኛ ፎቅ ይሆናል።

በሩ በደንብ ተንኳኳ። ረጅም፣ ሻርፗን እስከ ግንባሯ ያወረደች ልጅ ገባች። ሀስና መነጽሩን ከዓይኗ ዝቅ አደረገችው። ቡርቱካን ነበረች።

ጦርነቱ ትምህርት ቤቱን እስኪዘጋው ድረስ አንድ ክፍል ነበሩ። ሲከፈት ቡርቱካን አልተመለሰችም። ገጠር፣ ወላጆቿ ጋ ግራና ገብታ ቀረች ተባለ።

«ማዳም ቀድማ ምን ትጠይቃለች?» አለች ረሂማ።

«ከም ዑምሪክ?» አለች ሀስና። ዕድሜሽ ስንት ነው ማለቷ ነው።

ቡርቱካን ዓይኗን ከሀስና ዓይን ላይ ሳትነቅል መለሰች። «ተላታ ወ ዒሽሪን።»

ሃያ ሦስት። ሁለቱም ዐሥራ አምስት ዓመታቸው ነው።

ሀስና መነጽሩን መልሳ ወደ ላይ ገፋችው። «ተይብ» አለች፤ እሺ እንደማለት። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳደረገች የገባት።

ረሂማ ዐረብ አገር፣ ሻርጃ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርታ የተመለሰችው ጦርነቱ ሊጀምር ሲል ነበር። ከዕቃዋ ሁሉ የምትሳሳው ለልብስ ማጠቢያ ማሽኗ ነበር። መርሳ በታጣቂዎች እጅ በነበረችባቸው ወራት ማሽኑን ጭነው ወሰዱት፤ ቱቦውን ግን ረሱት። ረሂማ ሌላ ሴት ብትሆን ቱቦውን አይታ ታለቅስ ነበር። እሷ ማሽኑ የመጣበትን ካርቶን አቆመች፣ ክብ በር ቀደደችለት፣ ቁልፎቹን በዐረብኛ ጻፈችበት፣ ቱቦውን ከኋላው ሰካችው። ምድጃውም ካርቶን ነው፤ የሚዞሩት የጋዝ ቁልፎች የለስላሳ ቆርኪዎች ናቸው። ሰፈሩ መብራት ባያገኝም የእሷ ማሽን አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም።

«ማሽኑ ምን ይላል?» ትላለች ረሂማ፣ ሠልጣኟ ቁልፉን ስትጫን።

«እ… ዝም ይላል፣ እቴቴ።»

«ዝም ካለ በሩን አልዘጋሽውም ማለት ነው። እንደገና!»

በረኪናና የሽንት ቤት ማጠቢያ አሲድ አንድ ባልዲ ውስጥ እንደማይገናኙ፣ ሐር በሙቅ ውኃ እንደማይታጠብ፣ ጋዝ ሲሸት መብራት ከማብራት በፊት መስኮት እንደሚከፈት እየደጋገመች ታስተምራለች። ስለ ሌላውም ነገር ታወራለች።

«የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማንንም አትወጂም፤ እንቅልፍም እህልም ይጠፋል። በሽታ እንዳይመስልሽ፣ አገር መልመድ እንዲህ ነው። ባያሰኝሽም ብይ። ኤሲው ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ቫዝሊን ያዢ። ደግሞ በመስኮት ከሚታየው አንድ ነገር ምረጪና የራስሽ አድርጊው። እኔ ፓርኪንግ ውስጥ አንዲት የተምር ዛፍ ነበረችኝ። ስትደርቅም ስታፈራም አውቃለሁ። ባለቤቱም እንደኔ አያውቃትም።»

ከሠልጣኞቹ መካከል ቀልደኛዋ የወልድያዋ ሜላት ነበረች። «እቴቴ፣ ዛፏን እንኳ ሰላም አላልሽም ብላ ማዳም ብትቆጣኝስ?»

«አንቺን ማዳም አትቆጣሽም፤ አንቺ ነሽ የምታስለቅሺያት!»

ቡርቱካን ከሁሉም ፈጥና ያዘች። አንድ ጊዜ ያየችውን የሸሚዝ አጣጠፍ ሁለተኛ አትጠይቅም። ረሂማ ወደ መስኮቱ እየጠቆመች «ማዳም ውጪ ወጥተሽ መስተዋቱን ጥረጊ ካለችሽስ?» ስትላት ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ መለሰች፦ «ላ። ሀዳ ኸጢር።» አይሆንም፣ ይሄ አደገኛ ነው።

«አየሽ ሜላት? አልጮኸችም፣ አልተለማመጠችም። ከሰባተኛ ፎቅ የሚወድቁት ይህቺን ዐረፍተ ነገር ያልያዙ ናቸው።»

ሀስና በጓደኛዋ ኮራች፤ ወዲያው ደግሞ ያቺ «ተይብ» ያለቻት ትዝ አለቻት።

የሥልጠናው የመጨረሻ ትምህርት የሶስና ስልክ ቁጥር ነው። ሶስና የወልድያ ልጅ ናት፤ ሻርጃ ከረሂማ ጋር በአንድ ሕንፃ ሠርታለች፣ አሁንም እዚያው አለች። የቸገራት ልጅ ስትደውል በሯን የምትከፍተው እሷ ናት። ቁጥሩ በወረቀት አይሰጥም፤ ወረቀት ይወሰዳል፣ ስልክም ይወሰዳል። ረሂማ በአምባሰል ዜማ ታስዘፍነዋለች። የወሎ ሰው ዜማ አይረሳም ባይ ናት።

«እዚህ የመጣች ሁሉ ቁጥሩን ታገኛለች ማለት ነው?» አለች ሜላት።

«አታገኝም።» ረሂማ የካርቶን ምድጃውን ቁልፎች አንድ በአንድ ዘጋች። «አንዲት ልጅ ሻርጃ ከደረጃ ወድቃ ሆስፒታል ገባች። ወረቀቷ ላይ ያለው ስምም ዕድሜም ደላላ ያወጣላት ነበር። እኔና ሶስና ዘመድ ፍለጋ ያልደወልንበት የለም። በዚያ ስም ልጅ የላከ ቤት ጠፋ። ነፍሷን አውቃ የእናቷን ስም እስክትነግረን ድረስ ክረምቱ አለፈ። እናትየዋ ያን ሁሉ ጊዜ ልጄ ረሳችኝ እያለች ስታማርር ኖራለች። ከዚያ ወዲህ ለሶስና የምደውለው የማን ልጅ እንደሆነች፣ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ደንበኛውን ሳውቅ ነው። ሶስና በኔ ቃል ነው የምትነሣው።»

ቡርቱካን የያዘችውን ሸሚዝ ኮሌታ በመዳፏ አስተካከለች። ከዚያ ቀጣዩን ሸሚዝ አነሣች። ሀስናን ያስፈራት ይኸው እርጋታዋ ነበር።

«የቡርቱካንን ነገር ጨርሻለሁ» አለች ረሂማ። «እንደሷ ያለች ሠልጣኝ አላየሁም፣ ማሻአላህ። ነገ ኔትወርክ ካለ ለሶስና እደውልላታለሁ።»

ሀስናና ቡርቱካን ወደ አስፋልቱ ሲወጡ የደሴ መኪና ለመንገደኛ ቆሞ ነበር፤ ማንጎ ሻጮች በመስኮቶቹ ስር ይሯሯጣሉ። ሀስና መኪናው እስኪሄድ ጠበቀች።

«ለአክስቴ ትነግሪያታለሽ አይደል?»

«ምኑን?»

«አትሸውጂኝ፣ ቡርቱካን።»

«ኧረ አቦ አታካብጂ! ወረቀቴ ተሠርቶ አልቋል። ሃያ ሦስት ብሏል፣ ሃያ ሦስት ነኝ።»

«ሶስና ግን ሃያ ሦስት ናት ብላ ነው የምትጠብቅሽ። አንድ ነገር ብትሆኚ…»

«አልሆንም!» ቡርቱካን ቆመች። «ታጣቂዎቹ በሬዎቻችንን አርደው በልተዋቸዋል። አባባ ጠዋት ይነሣል፣ ወደ ማሳው ያያል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። እኔ ስምንተኛ ክፍል ተፈትኜ ሞፈሩን ልጎትትለት? አንቺ አክስት አለሽ። የምትፈተኚው አንቺ ነሽ፣ ተፈተኚ።»

ሀስና የሰማችው ሁሉ እውነት ነበር።

«አንቺ ራስሽ ንገሪያት» አለቻት። «ነገ ከመደወሏ በፊት። አትጮኽብሽም፣ ወላሂ።»

«ከነገርሽብኝ ጓደኛዬ አይደለሽም።» ቡርቱካን ሻርፗን አጥብቃ ሄደች። አካሄዷ ራሱ የሃያ ሦስት ዓመት ሴት አካሄድ ነበር፤ ረሂማ ያስተማረቻት፣ ትከሻ የማይሰብረው።

በማግስቱ ሀስና ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሠልጣኞቹ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠቡ ነበር። ማሽን ሲበላሽ በእጅ ማጠብም ከሥልጠናው ክፍል ነው። ቡርቱካን ቀና ብላ አየቻትና እንደገና ጎንበስ አለች። ለረሂማ እንዳልነገረቻት ሀስና ገባት።

ረሂማ ቤት ውስጥ ስልኩን ይዛ፣ ኔትወርክ ፍለጋ እጇን ወደ መስኮቱ ዘርግታለች። «መጣ፣ መጣ! ሁለት መስመር አለ። ማዳም፣ መነጽርሽን አድርጊና ተቀመጪ።»

ሀስና መነጽሩን አላነሣችም። ሌሊቱን ብዙ አስባ ነበር። ዝም ብትል ቡርቱካን ትሄዳለች፤ ይሳካላትም ይሆናል፤ እንደሷ ያለች ከየት ትገኛለች? ደግሞ ያቺ ሆስፒታል የተኛችው ልጅም ጎበዝ ሳትሆን አትቀርም። አንድ በአንድ ስትመዝን አደረች፤ ሚዛኑ ላይ የቀረው የቡርቱካን እናት ፊት ነበር።

ለረሂማ በጆሮዋ ሹክ ልትላት ትችል ነበር። በሩን ዘግታ፣ ቡርቱካን ማን እንደተናገረ ሳታውቅ ነገሩ ያልቃል።

«አክስቴ፣ ገና አትደውዪ።»

«ለምን? ይጠፋል እኮ።»

ሀስና ወደ በሩ ሄደች።

«ቡርቱካን! ወደዚህ ነይ። አንቺ በሌለሽበት የምለው ነገር የለኝም።»

ሜላት የያዘችውን ልብስ ሳፋው ውስጥ ለቀቀች። ቡርቱካን ተነሣች፤ ሳሙናው ከክርኗ እየተንጠባጠበ እስከ ደጃፉ መጣችና ቆመች። ፊቷ ላይ ያለው ቁጣ ነው ወይስ ፍርሃት ሀስና መለየት አልቻለችም። ረሂማ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ምንም ሳትጠይቅ ሌላ ወንበር ስባ ከራሷ አጠገብ አደረገች።

«ግቢ፣ የኔ ዓለም» አለች። «አብሽሪ፣ አይዞሽ።»

ቡርቱካን ወደ ግራና የሚወስደውን መንገድ ዞራ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና ገባች።