የአምና ጎማ

«ይኼኛው ፎርጅድ ነው!» አለች ዜማ፣ ጎማውን በእግሯ ገፋ እያደረገች።

መለዋወጫ ሱቁ ውስጥ የቆሙት ሦስት የባጃጅ ሹፌሮች ዞረው አዩዋት። አባቷ ኃይለ ሚካኤልም አያት። ባለሱቁ ጋሽ በሽር መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ጎንበስ አሉ።

«እኔ ፎርጅድ አልሸጥም፣ ልጄ። ይኼ ባለፈው ሳምንት የገባ ዕቃ ነው።»

«እሺ፣ ቁጥሩን ይዩት።» በጎማው ጎን ላይ የተቀረጹትን አራት ቁጥሮች በጣቷ አሳየቻቸው። «4625። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበት ሳምንት ነው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ። ሃያ አምስት! አሁን ስንት ዓመተ ምሕረት ላይ ነን? 2018። ታዲያ 2025 መቼ መጣና ነው ጎማ የተሠራበት?»

ሹፌሮቹ በሳቅ ፈረሱ። ጋሽ በሽር አልሳቁም። ጎማ መሸጥ ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ደንበኛ ግን ስለ ጎማው ጥርስ እንጂ ስለ ቁጥሩ ጠይቋቸው አያውቅም። ጎማውን አንሥተው ወደ ግድግዳው አስጠጉት።

ዜማ የጎማ ቁጥር ማንበብ የተማረችው ከሁለት ቀን በፊት ስልክ ላይ ካየችው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ከክፍሏ ሦስተኛ ትወጣለች፣ ለእሷ አንድ ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። ከመደርደሪያው ሥር ጥርሳቸው ጥልቅ የሆነ ሁለት ጎማዎች ጎትታ አወጣች። 3117 ይላሉ። ከመስከረም ጀምራ በጣቶቿ ቆጠረች።

«ሠላሳ አንደኛው ሳምንት… ሚያዝያ። የአምና ሚያዝያ! አባባ፣ አዲሱ ይኼ ነው።»

አባቷ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። «እንደ ድንጋይ ነው» አለ ደስ ብሎት። «ይኼማ ቶሎ አይበላም።»

የአባቷ ባጃጅ የኋላ ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ ራሰ በራ ሆነው ነበር። ሰኔ ሊገባ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ሰኔ ከገባ ደግሞ በራሰ በራ ጎማ ቁልቁለት አይወረድም። ስለዚህ ጎማዎቹ የዚያኑ ዕለት ተገጠሙ።

ከዚያ በኋላ አባቷ ተራ በያዘበት ሁሉ «የመረጠችልኝ ልጄ ናት» ይል ጀመር። ሹፌሮቹም «ኢንጂነሯ» አሏት። ሁለቱማ የራሳቸውን ጎማ እንድታነብላቸው ከመንገድ ላይ ጠርተዋታል። ዜማ ስሙን ወደደችው። ስትሰማው እንዳልሰማ ለመሆን ትሞክራለች፣ ግን አይሆንላትም፣ ፈገግታዋ ያጋልጣታል።

ማክሰኞ ኮምፒውተር ክፍል ገቡ። ዜማ ኮምፒውተሩን ስትከፍት ስክሪኑ ጥግ ላይ ቀኑ ብቅ አለ፤ ጁን 9፣ 2026። ይህን ቦታ ስንት ጊዜ አይታዋለች። ያን ዕለት ግን እጇ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

ከውጭ የመጣ ጎማ ዓመቱን ከመስከረም አይቆጥርም።

ደብተሯን ገልጣ በእርሳስ ጻፈች። 25 ማለት ያለፈው የፈረንጅ ዓመት ነው፤ ሰው ፊት ፎርጅድ ብላ ያዋረደችው ጎማ ገና ትኩስ ነበር። 17 ማለት ደግሞ… ቀነሰች። የተሳሳተች መስሏት እንደገና ቀነሰች። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው። እሷ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች የተሠራ ጎማ! ቪዲዮው መጨረሻ ላይ ምን እንዳለም አልረሳችም፤ ጎማ ብዙ ዓመት ከቆየ ይደርቃል፣ ጥርሱ ባያልቅ እንኳ እርጥብ መንገድ ላይ አይይዝም።

ማታ እራት ላይ ልትነግረው ቆርጣ ነበር። አባቷ እጁን ታጥቦ ሲቀርብ «እስቲ ለኢንጂነሬ ቦታ ልቀቁላት» አለና ወደ ጎን ተጠጋላት። ዜማ አፏን ከፈተች።

«ውሃ ልጨምርልህ?» አለችው።

ረቡዕ ፀሐይ ወጣ። ፀሐይ ከሆነ ምን ችግር አለው፣ ነገ እነግረዋለሁ አለች ለራሷ። ራሷን እያታለለች እንደሆነ ታውቃለች። እያወቀችም ቀኑን ሙሉ ሰማዩን ስታይ ዋለች።

ሐሙስ ከሰዓት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ከትምህርት ቤት ስትወጣ አባቷ በር ላይ ባጃጁን አቁሞ ጠበቃት። ከኋላ ጎረቤታቸው እትዬ የብርጓል ተቀምጠዋል። ጥጥ ፈትለው የሚተዳደሩ ሴት ናቸው፤ ከገበያ የገዙትን ጥጥ በፌስታል ጠቅልለው እንዳይበሰብስ ከጋቢያቸው ሥር ሸጉጠውታል።

«ነይ ግቢ፣ ልጄ፣ ጉንፋን ይይዝሻል» ብለው አጠገባቸው አስቀመጧት።

ባጃጁ ተነሣ። የጎኑ ሸራ በነፋስ ይርገበገባል፣ መጥረጊያው ውሃውን ጠርጎ አይጨርሰውም። ከገበያው ወደ ታች የሚወርደው የኮብልስቶን ቁልቁለት ላይ ጎርፍ ይወርዳል።

«ቀስ በል እንጂ፣ ኃይለ ሚካኤል» አሉ እትዬ የብርጓል።

«አይስጉ፣ እትዬ፣ ጎማው አዲስ ነው።»

ዜማ ይህን ስትሰማ ወደ ፊት ጠጋ አለች። አሁን፣ አሁኑኑ ልንገረው።

«አባባ!»

«አቤት?»

እትዬ የብርጓል አጠገቧ ተቀምጠዋል። አባቷ ጎማውን ያወደሰበት ቃል ገና አልደረቀም። እቤት ስንደርስ፣ ብቻችንን ስንሆን፣ አለች በልቧ።

«ምንም» አለች።

ጥቂት እንደሄዱ ከጎን ቅያስ ላይ ጭነት ያዘለች አህያ ድንገት መንገዱ መሀል ገባች። አባቷ ፍሬን ያዘ። ጎማዎቹ ቆሙ፤ ባጃጁ ግን አልቆመም። ወደ ጎን እየተንሸራተተ ሄዶ የጎርፍ መውረጃውን ጠርዝ መታና በቀኝ ጎኑ ተገለበጠ። ዜማ እትዬ የብርጓል ላይ ወደቀች። «ወይኔ እጄን!» ሲሉ ሰማቻቸው። ነጩ ጥጥ ከፌስታሉ ወጥቶ ጎርፉ ይዞት ሄደ።

ዜማን ጉልበቷን ጫር ከማድረግ በቀር ምንም አልነካትም። የእትዬ የብርጓል ቀኝ እጅ ግን ተሰብሮ በጀሶ ታሰረ።

አባቷ ከዚያ ወዲህ ባጃጁን አልነካም። «ጎማው አዲስ፣ መንገዱ የማውቀው» ሲል ዜማ በመጋረጃው ማዶ ሆና ሰማች፤ ለእናቷ ነበር የሚነግራት። «ሌላ ምን ይሆናል? እጄ ነው የከዳኝ። ሰው መጫን አይገባኝም።» ዓርብ ጠዋት በየቀኑ መዋዕለ ሕፃናት ወደሚያደርሳቸው አምስት ልጆች ቤት እየዞረ ወላጆቻቸውን ሌላ ሹፌር ፈልጉ አላቸው። ዜማ ይህን ስታውቅ ብርድ ልብሱን ነክሳ አለቀሰች። አሁን መናገር ከማክሰኞው አሥር እጥፍ ከብዷት ነበር።

ቅዳሜ አባቷ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ እትዬ የብርጓልን ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ። ዜማም አብራ ሄደች። እትዬ የብርጓል በር ላይ ሲደርሱ አባቷ ከአጥሩ ሥር ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አደረገ።

«ኧረ ተው፣ ነፍስ አልጠፋ!» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «ይኼ ምን አስፈለገ?»

«እኔ ያስፈልገኛል» አለ አባቷ፣ ጎንበስ ብሎም ገባ።

እትዬ የብርጓል መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። እንዝርታቸው ሙዳዩ ውስጥ እንደተጋደመ ነው። አባቷ ደጃፉ ላይ ተንበረከከ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እጄ ደክሟል፣ ሳላውቀው…»

«አይደለም!» አለች ዜማ።

ሁሉም ዞሩ። ነገረቻቸው፤ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ጋሽ በሽርን እንዴት እንዳሳፈረቻቸው። «የደረቀ ጎማ ነው። የመረጥሁት እኔ ነኝ። የአባባ እጅ ምንም አልሆነም።»

አባቷ ከድንጋዩ ሥር ቀና ብሎ አያት። ሁለት ቀን ሙሉ ጠቁሮ የሰነበተው ፊቱ ፈታ አለ።

«በሉ እንግዲህ!» አሉ ሽማግሌው እየሳቁ። «ልጅ ናት፣ ተሳሳተች። ባለሱቁም አባቷም ያላወቁትን እሷ ከየት ታውቀዋለች?»

«እውነት ነው» አሉ ሌላው።

ዜማ ተንፈስ አለች። በዚሁ ሊያልፍ ነው።

እትዬ የብርጓል ግን ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አላነሡም። በቁጣ አልነበረም፤ ለማወቅ ብቻ ነበር የጠየቁት።

«መቼ ነው ያወቅሽው፣ ልጄ? ከወደቅን በኋላ ነው?»

ራሷን ከፍ ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃታል። ሽማግሌዎቹ አዎ እንድትል እየጠበቁ ነው። አባቷም አዎ እንድትል እየጠበቀ ነው፤ ዓይኑ እየለመናት ነው።

«ማክሰኞ ነው» አለች። «ከመውደቃችን ሁለት ቀን በፊት። ባጃጁ ውስጥም ልናገር ብዬ ተውሁት።»

ዜማ አባቷ አጠገብ ሄዳ ተንበረከከችና ድንጋዩን ልትቀበለው ሁለት እጆቿን ዘረጋች። አባቷ አያት። ከዚያ ድንጋዩን አውርዶ አሸከማት።