በሊማሊሞ ነፋስ ላይ የተረጨ በርበሬ

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሊማሊሞ መንገድ ተናደ። ከጎንደር የመጣው ሚኒባስ ጭቃው ፊት ቆመ። ሾፌሩ «ዛሬ የሚያልፍ የለም» አለ።

ነርሷ ናዝራዊት ግን ማደር አልቻለችም። ታናሽ ወንድሟን ኪዳነወልድን አዲ አርቃይ ላይ የስኳር በሽታ ጥሎታል፤ እዚያ ኢንሱሊን አልቋል። እሷ በፔርሙዝ በበረዶ አሽጋ ይዛለታለች። እስከ ነገ ካልደረሰለት አይተርፍም።

አብረዋት የመጡት የንስሐ አባታቸው አባ ሐብተ ማርያም መቋሚያቸውን አነሱ። «በእግር እንውረድ፤ አቋራጩን አውቀዋለሁ።»

ጥቂት እንደወረዱ በረዶ ደበደባቸው። ከዚያ ጉም ገደሉን ሸፈነው፤ ናዝራዊት የገዛ እግሯን ማየት ተሳናት። ከጎኗ ድንጋይ ተንከባሎ ሲወርድ ትሰማለች፤ ሲያርፍ ግን አይሰማም።

ከኋላቸው አንድ ነገር አጉረመረመ።

«ጅብ ነው» አሉ አባ።

ናዝራዊት ከቦርሳዋ በርበሬ የሚረጨውን ቆርቆሮ አወጣች፤ የማታ ተረኛ ስትሆን ለሌባ የምትይዘው ነው። አባ ነጠቋት።

«ምኑን ነው የምጫነው?»

«ጫፉን! ፊቱ ላይ ብቻ፣ አባ!»

አባ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠበል ሲረጩ የኖሩ ናቸው። «በስመ አብ» እያሉ ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ ረጩት። ጅቡ አነጠሰና ተፈተለከ። ከሸለቆው የሚነሣው ነፋስም የቀረውን መልሶ ፊታቸው ላይ ደፋው።

«ዓይኔን! ነደድሁ፣ ልጄ!»

«አይሹት፣ ይብስብዎታል!»

የመጠጥ ውሃዋን ሁሉ አፈሰሰችላቸው፤ ዓይናቸው አልተገለጠም። የነጠላቸውን ጫፍ ወገቧ ላይ አስራ በገደሉ አፋፍ መራቻቸው።

ከመታጠፊያው ላይ ፊቱን በጋቢ የሸፈነ ሰው ጠመንጃ ደገነባቸው።

«ቦርሳውን ጣይ!»

አባ ጎንበስ ብለው ሳሉ፤ እንባቸውና ንፍጣቸው ጢማቸው ላይ ወረደ፤ የተከደነው የዓይናቸው ቆብ ደም መስሏል። ሰውየው ቆም አለ።

«ምነው? ምን ነክቷቸው ነው?»

«አትጠጋ! የሚጋባ ነው፤ እኔንም ይዞኛል!» አለች። ከነጠላቸው የተነሣው በርበሬ ጉሮሮዋን ይዞት የእውነት ሳለች።

ሰውየው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ሳበ። «እለፉ! ኧረ እለፉ፣ እንዳትነኩኝ!»

ድምፁ ከራቀ በኋላ አባ በሳል መሐል «ዋሸሽ» አሉ።

«ይፍቱኝ፣ አባ።»

«አዲ አርቃይ ስንገባ። አሁን ጎትቺኝ።»

ነጠላውን ጠበቅ አድርጋ ጎተተቻቸው። ከቁልቁለቱ ሥር መኪና አግኝተው ሌሊት አዲ አርቃይ ደረሱ፤ መርፌውን ራሷ ወጋችው። ኪዳነወልድ ሲነጋ ውሃ ጠየቀ።

አባን ግን ሳሉ አልለቀቃቸውም። በኅዳር ሲቀበሩ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ኪዳነወልድ ነበር።